የሉባባ አዲስ መንጋጋ

ሉባባ እንድሪስን የገዛ ቤቷ በር አላውቅሽም ያላት ጥቅምት 21 ቀን 2093 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ከጓሮ ሽንኩርት ኮትኩታ መመለሷ ነበር። እንደ ወትሮዋ በሩ አጠገብ ከተሰቀለው ጥቅልል አንድ ስስ ሽፋን በጠስ አደረገች፣ የመንከሻው ሰሌዳ ላይ አለበሰችና ነከሰች። ሰሌዳው ቀይ አበራ። ጥርሴ ላይ አፈር ቀርቶ ይሆናል ብላ ተጉመጥምጣ እንደገና ነከሰች። አሁንም ቀይ።

«አይ እንግዲህ! ማን መስዬህ ነው?» አለችው በሩን።

ሦስተኛው ላይ በሩ እንደ መጠራጠር ብሎ ቢጫ አበራና ተከፈተላት። ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በምላሷ አፏን ስትፈትሽ ከታች በስተቀኝ፣ ከመጨረሻው መንጋጋ በስተኋላ፣ ትናንት ያልነበረ ሹል ነገር አገኘች።

በዚያ ዘመን ሰው ማለት ንክሻው ነው። አሻራ በዶማ ያልቃል፤ ፊትና ድምፅማ ማንም እየሠራ የሚለጥፈው ነገር ከሆነ ቆይቷል። የቀረው ጥርስ ነበር። ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ትልቁን ሰሌዳ ይነክሳል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አፉን እንዳለ ጠብቆ ይኖራል። ማታ ሲተኛ ልጓም ያጠልቃል፤ ጥርስ በእንቅልፍ ልብ እንዳይንሸራተት። ቆሎ አይቆረጥምም፣ አጥንት አይግጥም፣ ሸንኮራ አይመጥም። የከለከለ ሕግ የለም፤ ሰዉ ራሱ ነው እርግፍ አድርጎ የተወው። እናም የስልሳ ዓመት አዛውንት ሲስቅ የአሥራ ስምንት ዓመት ጥርስ ነው የሚታየው፤ ይህን ደግሞ ማንም እንደ ጉድ አያየውም።

ከምዝገባው በፊት፣ በአሥራ ሰባት ዓመት፣ ምንጠራ አለ። የጥበብ ጥርስ የሚባሉት አራቱ የመጨረሻ መንጋጎች ገና ሳይበቅሉ ከነሥራቸው ይነሳሉ፤ በኋላ መጥተው ረድፉን እንዳይገፉ ነው። ቤተሰብ አጥሚት ይዞ ይሰበሰባል፣ ፊቱ ያበጠውን ልጅ ከብቦ ይስቃል፣ ይመርቃል። የሉባባ ተራ በደረሰ ጊዜ መሣሪያው አፏን አይቶ «ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው» አለ። አባቷ ከጎረቤት ላለማነስ ግብዣውን ደገሱ፤ እሷም ለሰው ብላ ጉንጯን በጥጥ ሞልታ ዋለች። ያ ንጹሕ የተባለ ቦታ ነው እንግዲህ አሁን፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ ያበቀለው።

ባሏ ሙሄ ልብስ ሰፊ ነው። ከሱቁ ጠርታው እየሮጠ መጣ፤ አፏን አስከፍቶ በባትሪ አየና «ውይ!» አለ።

«ምንድን ነው?»

«መንጋጋ ነዋ! ነጭ፣ ድንቡሽ ያለች! ወላሂ ታምራለች ሉቤ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል እንዴ ለዚህ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ጨንቆኛል አንተ ትቀልዳለህ!»

«ምን ያስጨንቅሻል? በሩ እንደሆነ ከፍቶልሻል።»

በሩስ ከፍቷል። የቤት በር ልል ነው፤ አውቶቡስም፣ ገበያም ልል ናቸው፤ ትንሽ የተንጋደደ ጥርስ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ሉባባን ያስጨነቃት ግን ከአሥር ቀን በኋላ የምትነክሰው የወይራ ቦይ የውሃ በር ነው። እሱ ጥብቅ ነው፤ ቀልድ አያውቅም።

ከቦርከና ወንዝ የሚጠለፈው የወይራ ቦይ መቶ አርባ ሦስት ባለውሃ አለው። ባለውሃዎቹ በየዓመቱ መስከረም ላይ ተሰብስበው የውሃ አባት ይመርጣሉ። የውሃ አባት ማን መቼ እንደሚያጠጣ ይወስናል፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ካለ ተራውን ያቆይለታል፣ አራስ ያለችበትን ቤት ያስቀድማል፣ የተጣላ ያስታርቃል። በሩን ነክሶ የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ግን የባለውሃውን ሁሉ ንክሻ በመዝገብ ይዟል። ዘንድሮ በቦዩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ እናት ተመርጣለች፤ እሷም ሉባባ ናት። ያውም ከጭራው። የቦዩ ጭራ ላይ ያሉት ሰዎች ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሳቸው፣ ሽንኩርታቸው አንገቱን ደፍቶ የሚጠብቅ ናቸው። ከእነሱ መካከል የተመረጠ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልነበረም። ሉባባ በምርጫው ቀን ቆማ «የመጀመሪያው ውሃ ዘንድሮ ከጭራ ይጀምራል» ብላ ቃል ገብታለች፤ የራስጌዎቹ ፊታቸውን ቢያኮሳትሩም ድምፁ በልጧል።

ሕጉ አጭር ነው። ኅዳር 1 ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ በሩ ከባለውሃዎቹ በተመረጠ ሰው ካልተከፈተ፣ የዓመቱ ውሃ በከተማ ባለው የውሃ መደልደያ መሣሪያ እጅ ይገባል። የማዶው ቦይ አምና እንዲህ ሆኖበት ነበር። መደልደያው በሰዓቱ፣ በልኩ፣ አንዲት ጠብታ ሳያዛንፍ አከፋፈለ፤ መንደሩ በሙሉ ቀብር በሄደበት ዕለትም ውሃውን ለቀቀው፤ የሚቀበለው ጠፍቶ ወደ አስፋልቱ ወረደ። መደልደያው ጥፋት የለበትም፤ ለቅሶ ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም።

ሉባባ ያንኑ ሰኞ ከሰዓት ብቻዋን ወደ ውሃው በር ወረደች፤ ግራ ቀኝ አየችና ነከሰች። ሰሌዳው ቀይ አበራና «አልታወቁም» አላት። ደግማ ነከሰች። «አልታወቁም።»

ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወደ ዶክተር ትቅደም ዘንድ ሄዱ። ዶክተሯ ስልሳ የተጠጉ፣ ቀልጠፍ ያሉ ሴት ናቸው። የሉባባን አፍ ደጋግመው አዩ። ከዚያ በሩን ከፍተው «ኑ፣ ኑ፣ ኑና እዩ!» ብለው ሁለቱን ነርሶች ጠሩ። ሦስቱም በየተራ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዷ ነርስ ከዚህ በፊት በሥዕል ብቻ ነበር የምታውቀው።

«እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ የጥበብ ጥርስ ካየሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ ዶክተሯ። «ቦታ አለው፣ ድዱ ጤነኛ ነው፣ አጥንቱ ልክ ነው። በጤና በኩል ከጠየቅሽኝ የሚነቀልበት ምክንያት የለም።»

«በውሃው በር በኩልስ ብጠይቅዎት?»

«እሱማ ሌላ ነው።» ዶክተሯ ተቀመጡ። «ይህቺ መንጋጋ ስትመጣ ጎረቤቶቿን ገፍታቸዋለች። ትንሽ ነው፤ የፀጉር ያህል። ከነቀልኳት ወደ ድሮ ቦታቸው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ላይመለሱም ይችላሉ። ከአሥር ሰባቱ ይመለሳሉ። ሥሯ ደግሞ ወደ ከንፈርሽ ለሚሄደው ነርቭ ቀርባለች። ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ለሳምንት ወይ ለሁልጊዜ። ከነቀልን ቅዳሜ መንቀል አለብን፤ ከዚያ ካለፈ ለኅዳር አንድ አይደርስም።»

«አዲስ ንክሻ ብመዘገብስ?»

«አርባ ቀን ነው ወረፋው። በእነዚያ አርባ ቀኖች ደግሞ ማንም አይደለሽም።»

ዶክተሯ የፈቃድ ሰሌዳውን አቀረቡላት፤ በአንድ በኩል «ይነቀል»፣ በሌላ በኩል «ይቆይ» ይላል። ለመወሰን ጊዜ ቢኖራትም ቀጠሮው እንዲያዝ «ይነቀል» የሚለው ላይ መንከስ ነበረባት። ነከሰች። ቀይ። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ጥርሱ እንዲነቀል መፍቀድ የምትችይው፣ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ነው ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ባለቤትሽ ሊነክስልሽ ይችላል። ለቤተሰብ ይፈቀዳል።»

ሁለቱም ሙሄን አዩት። ሙሄ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እኔ? የሚስቴን ጥርስ በእኔ ንክሻ ላስነቅል? አላደርገውም! እሷ ራሷ ቁርጥ አድርጋ ወስና፣ በአንደበቷ ንከስ ካላለችኝ አፌን አልከፍትም።» ዶክተሯ የቅዳሜን ቀጠሮ በቃል ያዙላቸው፤ ሙሄ እስከ መኪናው ድረስም እጁን ከአፉ ላይ አላነሳም። ሉባባ እየተናደደችም ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የጉድ ነበሩ። ሙሄ በጠዋት «ይነቀል፤ ጭራው ሁሉ አንቺን ተስፋ አድርጎ» ይላል፤ በምሳ ሰዓት «ይቆይ፤ ከንፈርሽ ቢደነዝዝ ማን ይስመኛል?» ይላል፤ ለእራት ደግሞ ባትሪውን ይዞ መጥቶ «እስቲ እንግዳዋ ምን አደረገች ዛሬ» እያለ አፏን ያስከፍታል። ሉባባ ጆሮ ዳባ ልበስ ብትለውም ሌሎች የሚሉትን ግን መስማት ፈለገች። ዓርብ ወደ ጋሽ ደምሌ ሄደች።

ጋሽ ደምሌ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ አባት የነበሩ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ክረምት ፊት ለፊት ያለው ጥርሳቸው ሲወልቅ ነው ሹመታቸውም አብሮ የወለቀው። አሁን ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርጋሉ፤ በሮች የሚያሳልፏቸው በልዩ ፈቃድ ነው። ማንጎ ሥር ተቀምጠው ነገሩን ከጀመረችው እስከ ጨረሰችው አዳመጧት።

«ንቀይው ልጄ» አሉ።

«እንዲህ በአንድ ቃል?»

«በአንድ ቃል። አንድ ጥርስ ምን ይሠራልሻል? እኔ የፊቶቹ ረግፈው ይኸው እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እሳደባለሁ። ውሃው ግን አንዴ መደልደያው እጅ ከገባ አይመለስም። የእመት ዘነቡን ማሳ አይተሽዋል? ያቺ ሴት ባሏ ከሞተ ጀምሮ የመጀመሪያ ውሃ ቀምሳ አታውቅም። አንቺ ስትመረጪ እልል ያለችው እልልታ እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

«ከነቀልኩት በኋላም በሩ እምቢ ቢለኝስ?»

ጋሽ ደምሌ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ኋላ «ያኔ የምትይውን ትያለሽ» አሉና ስለ ማንጎው ጨዋታ ጀመሩ። ሉባባ ስትመለስ በእመት ዘነቡ ማሳ በኩል አለፈች። እመት ዘነቡ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና «ኅዳር አንድ እኮ ደረሰ ልጄ! ቦዬን ጠርጌ ጨርሻለሁ!» ብለው ጮኹላት። በእውነትም ቦያቸው ተጠርጎ፣ ዳሩ ተጠቅጥቆ፣ ልክ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ሆኗል። አንጀቷን በሏት። የዚያን ዕለት ቤት ገብታ ሙሄን «ቅዳሜ ትነክሳለህ» አለችው። ሙሄ አልቀለደም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተኛች። ሙሄ ግድግዳው ሥር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ዶክተር ትቅደም መርፌውን ከማዘጋጀታቸው በፊት መስታወት ሰጧት። «የምትሰናበቺያትን እያት» አሉ፤ ደንባቸው ነው፤ ሁሉንም እንዲህ ያሳያሉ።

ሉባባ አየች። ሌሎቹ ጥርሶቿ አሥራ አራት ዓመት በልጓም ተይዘው፣ አንዱ ካንዱ ሳይነቃነቅ የተሰለፉ ናቸው። ይህቺኛዋ ከኋላ ብቅ ብላለች፤ ማንንም አላስፈቀደችም። ሉባባ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር መጣባትና ሳቋን አቆመች።

«ዶክተር፣ ያ በር የሚፈልገው የአሥራ ስምንት ዓመቷን ሉባባን ነው አይደል?»

«አዎ። በመዝገቡ ያለችው እሷ ናት።»

«እሷን እኮ አውቃታለሁ። ከእህቷ ጋር በሻሽ የምትጣላ ልጅ ነበረች። ውሃ ዳኚ ቢሏት ሦስት ቀን ሙሉ የራሷን ጓሮ ነበር የምታጠጣው። እንኳን መቶ አርባ ሦስት ሰው፣ እናቷም አትመርጣትም። መስከረም ላይ እጅ ያወጡት ለእኔ ነው፤ ለዛሬዋ።» ተነስታ ተቀመጠች። «አፌ ደግሞ ይኸው ነው። እሷን መስዬ ገብቼ ዓመቱን ሙሉ ልዳኛቸው? በየጠዋቱ እየነከስኩ ልዋሻቸው? ሙሄ፣ እንዳትነክስ!»

«አልነከስኩም! ኧረ አልነከስኩም!» አለ ሙሄ፤ ድምፁ በደስታ ተሰበረ።

ዶክተር ትቅደም መርፌውን መልሰው አስቀመጡት። እስከ በሩ ድረስም ራሳቸው ሸኟት። ሉባባ ደረጃውን ስትወርድ ፈራች፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራች። ጭራው ይረግመኛል፣ ራስጌው ይስቅብኛል፣ ቃሌን በልቻለሁ እያለች ነበር። ደስ ያላት ደግሞ ያን ያህል ነው፤ እንዴት ሁለቱ በአንድ ሆድ እንደገቡ አልገባትም።

ኅዳር 1 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባለውሃው በሙሉ ውሃው በር ጋ ተሰበሰበ። ሼሁም ቄሱም መረቁ፤ አሜን ተባለ፤ ሁሉም ሉባባን ማየት ጀመረ። እሷ ወደ ሰሌዳው አልሄደችም። ድንጋይ ላይ ወጣች።

«ወገኖቼ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ያለ ነገር ነው። መንጋጋ አብቅያለሁ» ብላ ፍርጥ አደረገችው። አፏን ከፍታ በጣቷ አሳየች። «በሩ አያውቀኝም። አስነቅዬ ሌላ ሰው መምሰል እችል ነበር፤ አልፈለግኩም። እስከ እኩለ ቀን አራት ሰዓት አለን። በሩ የሚያውቀውን ሰው ምረጡና ይክፈት። አደራዬ አንድ ብቻ ነው፤ የሚመረጠው ሰው ውሃውን ከጭራ ይጀምር።»

ጉምጉምታ ሆነ። እመት ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከራስጌዎቹ ውቤ ካሣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት መጣ። ውቤ በልጓሙ የሚታወቅ ሰው ነው፤ «እኔ ልጓሜን አንድ ቀን አውልቄ አላውቅም፣ ቆሎ በዓይኔ አላይም» እያለ በየሠርጉ ቤት ሰው የሚያሰለች።

«እኔ እከፍተዋለሁ» አለ። «ከየት እንደሚጀምር ከተከፈተ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሽፋኑን አልብሶ፣ አፉን በኩራት ከፍቶ ነከሰ። ቀይ። «አልታወቁም።»

ውቤ ፊቱ ተለዋወጠ። ደግሞ ነከሰ። «አልታወቁም።» ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ሆና «ሸንኮራው ነው!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ!»

«ምን ዝም ልበል? ከማሳው ጀርባ ተደብቀህ ስትግጥ የማላይህ ይመስልሃል?»

ሕዝቡ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቀረቡ፤ የተከበሩ ሰው ናቸው። ቀይ። ርእሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጓሙ... ራስ ምታት ስለሚያመጣብኝ... ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው» አሉ። አንዲት አዲስ ሙሽራ ነከሰች፤ ቀይ፤ ባሏ ሲያያት «አንተስ?» አለችው፤ እሱም ነከሰ፤ ቀይ። እዚያው ተቃቅፈው ሳቁ። ለካ ሁሉም በየቤቱ ጓዳ ዘግቶ ቆሎውን ሲቆረጥም፣ አጥንቱን ሲግጥ፣ ልጓሙን ከትራስ ሥር ሲወሽቅ ነው የኖረው፤ ሁሉም ደግሞ አጥፊው እሱ ብቻ መስሎት። ልል በሮች ሲያሳልፉት ማንም ማንንም ሳያውቅ ከርሟል።

ሳቁ ግን ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። አራት ሰዓት ሆነ። ሃያ ሰው ነክሷል፤ አንድም አልታወቀም።

«ኧረ ጉድ ፈላ!» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ከመቶ አርባ ሦስት ሰው አንድ እንኳ ይጠፋል? ተሰለፉ! ሁላችሁም ንከሱ!»

ተሰለፉ። ረጅም ሰልፍ ሆነ። ነክሶ ቀይ ያበራበት ሁሉ ወደ ጎን እየወጣ የነከሱት መካከል ይቀላቀላል፤ እዚያ ደግሞ ምን በልተህ ነው፣ አንቺስ፣ እየተባባለ ሌላ ጨዋታ ነው። ሙሄ ነከሰ፤ ቀይ፤ «እኔማ የሱፍ ክር በጥርሴ እየበጠስኩ ነው የኖርኩት» አለ። ጋሽ ደምሌ በሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ነከሱ፤ ቀይ። አምስት ሰዓት አለፈ። ስልሳኛው ሰው ነከሰ። ሉባባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጥላዋን ታያለች፤ ጥላዋ እያጠረ ነው። ጥርሴን ባስነቅለው ኖሮ አሁን ውሃው በወረደ ነበር እያለች ራሷን ትበላለች።

ሰባ አንደኛው ቀይ ሆነ። ቀጥሎ እመት ዘነቡ ነበሩ።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳ ይቆዩ፤ ስድስት ጥርስ ነው ያለዎት» አላቸው ውቤ።

«ስድስትም ቢሆን የእኔ ነው። እኔም ባለውሃ ነኝ» አሉና ጎንበስ ብለው ነከሱ።

ሰሌዳው ቀይ አበራ። ከዚያ ቢጫ። ከዚያ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሉባባ እስከ ዛሬ ሰምታው የማታውቀው ረጅም ንግግር አደረገ።

«ከግማሽ በላይ የሆኑት ባለውሃዎች አልታወቁም። ይህ ሊሆን አይችልም። ሰሌዳው ተበላሽቷል። እስኪጠገን ድረስ በሩ በእጅ ይከፈት።»

እልልታው ከየት እንደ ጀመረ አልታወቀም፤ ሸለቆውን ሞላው። ከበሩ ሥር የነበረው የብረት ክዳን ቀጭ ብሎ ተነሳ፤ ከውስጡ በሸረሪት ድር የተሸፈነ ትልቅ የብረት ዘዋሪ ብቅ አለ። ግማሹ ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር።

ግን ማን ይክፈተው? ሁሉም ተያየ። ሰሌዳው አሁን የሚለው ነገር የለም፤ እጅ ደግሞ ያለው ሁሉም ሰው ነው። ውቤ ለዘዋሪው ቅርብ ነበር። እጁን ዘርግቶ ያዘው። ውቤ ቀና ብሎ ሰዉን አየ፣ እመት ዘነቡን አየ፣ ሉባባን አየ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «የመረጥናትማ መስከረም ላይ ነው። ነይ እንጂ! ከባድ ነው፤ እኔ አግዛለሁ።»

ሉባባ ከድንጋዩ እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ዘዋሪውን ከአንድ ወገን እሷና ሙሄ፣ ከሌላው ውቤ ያዙት። ጋሽ ደምሌ «ወደ ግራ! ወደ ግራ! ኧረ ግራ የቱ ነው እናንተ!» እያሉ በምርኩዛቸው ይጠቁማሉ። ብረቱ አቃሰተ፣ እምቢ አለ፣ ከዚያ ተንቀሳቀሰ። ውሃው መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ ድምፅ እያሰማ ወረደ። ለስድስት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ሉባባ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደረቷን ሞልታ «ዘነቡ ይመር!» ብላ ተጣራች።

«አለሁ!» አሉ እመት ዘነቡ፤ እያለቀሱ፣ እየሳቁ፣ ዶማቸውን አንስተው ውሃውን ለመቅደም ወደ ጭራው እየሮጡ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው እንደዚያ ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም። የጭራው ሰዎች በሙሉ ተከትለዋቸው ሮጡ፤ የራስጌዎቹም ልጆች አብረው ሮጡ። ሉባባ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ጠጋኙ ከከተማ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ናሁ የሚባል ቁጥብ ወጣት ነው። ሰሌዳውን ፈታ፣ በመሣሪያ ለካ፣ ገጠመ፤ ደግሞ ፈታ። ሉባባ የውሃ ተራ የያዘችበትን ደብተር ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«እትዬ፣ ይሄ ሰሌዳ ደህና ነው» አላት በመጨረሻ። «ምንም አልሆነም።»

«እንዲያ ነው?» አለች።

«አዎ። አሁን ሥራው መጠናቀቁን ነክሼ ላረጋግጥና መልሰው ይጀምራሉ።»

ሽፋን በጠሰና አለበሰው። ከመንከሱ በፊት ትንሽ ቆም አለ፤ ሉባባ ያንን አየች። ነከሰ። «አልታወቁም።» አፉን በእጁ ጠረገና ደገመ። «አልታወቁም።» ናሁ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጆሮው ቀላ። ሉባባ ዓይኗን ወደ ቦዩ መለሰች።

ጠጋኙ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ መሣሪያውን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ።

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» አለ። «እውነትም ተበላሽቷል። መለዋወጫ ያስፈልገዋል።»

«መቼ ይመጣል መለዋወጫው?»

ናሁ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«እኔ በዚህ ሥራ ላይ እስካለሁ ድረስ የሚመጣ አይመስለኝም» አላት።